«ኪታ ኪታ»ን በአማርኛ ስሰራ ርዕሱ ጉድ ሰራኝ

ፊልሙን ያላያችሁ መጀመሪያ እዩት፣ መጨረሻውን ላወራ ነው።

ዱባይ አብራኝ የምትኖር ፊሊፒንሳዊት አለች፣ አቴ ነው የምላት፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እሷ ነች ያሳየችኝ። ሲግሪድ አንድሪያ በርናርዶ ጽፋ ዳይሬክት ያደረገችው የ2017 (በፈረንጆቹ) ፊልም ነው። እኔ የፊሊፒንስ ሮማንቲክ ኮሜዲ ሲባል የማውቀው ሁለት ቆንጆዎች ተጣልተው ሲታረቁ ነው፣ እዚህ ግን ወንዱ ኮሜዲያኑ ኢምፖይ ማርኬዝ ነው፣ ለፖስተር የሚመረጥ መልክ የለውም፣ ቦታውም ማኒላ ሳይሆን ጃፓን፣ ሳፖሮ። ሊያ እጮኛዋ ከድቷት ዓይኗ ለጊዜው ይጠፋል፣ ጎረቤቷ ቶንዮ ምግብ ይዞ እየመጣ ያስቃታል፣ ከዛ መሃል ላይ ይሞታል። ኮሜዲ ውስጥ! ከዛ በኋላ ነው ፊልሙ ዞሮ ያንኑ ታሪክ በሱ በኩል የሚያሳያችሁ፣ ለካ ሰክሮ መንገድ ላይ ወድቆ በነበረ ጊዜ ምግብ ትሰጠው የነበረችው እሷ ነበረች፣ እሱ ከድሮ ጀምሮ ያያት ነበር። አለቀስኩ። እንግሊዝኛ የማይገባቸው ሁለት ጓደኞቼ ይህን ማየት አለባቸው ብዬ ሰብታይትሉን፣ ከስር የሚነበበውን ጽሁፍ፣ በአማርኛ መስራት ጀመርኩ።

ስራው ራሱ አያስቸግርም። እያንዳንዱ መስመር መቼ እንደሚወጣ የሚለውን ሰዓት ከእንግሊዝኛው ወሰድኩ፣ ታጋሎጉን፣ የፊሊፒንሱን ቋንቋ ማለቴ ነው፣ ከአቴ ጋር አዳመጥኩ፣ የአማርኛው ፊደል እንዳይበላሽ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አይነት ሴቭ አደረግኩ። በአንድ መስመር እስከ 42 ፊደል የሚለውን መመሪያ ግን እርሱት፣ እሱ ለላቲን ነው፣ የኛ አንድ ፊደል አናባቢውን ጭምር ስለሚይዝ 42 ሲሆን ተነቦ አያልቅም፣ እኔ 28 ላይ አቆምኩ።

ርዕሱ ነው የጨረሰኝ። በታጋሎግ አንደኛው «ኪታ» ማየት ነው፣ ሁለተኛው «ኪታ» ደግሞ «እኔ አንቺን» ወይም «እኔ አንተን» የሚለውን ባንድ ቃል የያዘ ነው፣ «ማሃል ኪታ» ሲሉ እንደሰማችሁት። ወንድ ይበለው ሴት፣ ለማን ይበለው አይታወቅም። ፊልሙ ደግሞ የቆመው በዚህ ላይ ነው! መጀመሪያ የሷ ይመስላችኋል፣ በኋላ የሱም ይሆናል። አማርኛችን ግን አያሳልፍም፣ ወይ አይሻለሁ ነው ወይ አይሃለሁ። አቴ ቃሉን ሶስቴ አስረድታኛለች፣ «ሁለቱም ናቸው» ብላኛለች፣ እኔ ግን ቸኩዬ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው ብዬ፣ ስሙ ባዶ እንዳይቀር ብዬ፣ በትልቁ «አይሻለሁ» ብዬ መጀመሪያው ላይ ለጠፍኩት።

ቶንዮ ገና በሯ ላይ ሲቆም አንዷ ጓደኛዬ «አይሻለሁ ያለው ይሄ ነው አይደል? ድሮም ያያት ነበር ማለት ነው» አለች። አፌ ደረቀ። ሙሉ ፊልሙ አንድ ሰዓት ደብቆ የያዘውን ነገር እኔ በአንዲት «ሻ» አወጣሁት። በራሴ እንደዛ ቀን ተናድጄ አላውቅም፣ ምክንያቱም ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት፣ ተነግሮኝ ነው።

ርዕስ መጀመሪያ ተርጉሙ የሚሏችሁን አትስሙ፣ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ አማርኛው ጾታ አስመርጦ ሚስጥር የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ እንዳለ ተዉት። አሁን የኔ ፋይል ላይ «ኪታ ኪታ» ብቻ ነው ያለው። ያቺ ጓደኛዬ «ምንም አይደለም፣ ቆንጆ ነበር» ትለኛለች፣ ግን ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ሌላኛዋ አፏን ይዛ ስታለቅስ እሷ ዝም ብላ ሻይዋን ትጠጣ ነበር።