ተደግፎ መቆም

ውድ ወዳጆቼ፣ ጽሑፌን በትዕግሥት የምታነቡልኝ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ቸሩ እግዚአብሔር ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋግሮ ለ2019 ዓ.ም. እንኳን አደረሳችሁ። ይህን መልእክት የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ጊዜው ጳጉሜን 5 ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ ሲወርድ የነበረው ዝናብ አባርቷል፤ የሰፈሩ ልጆች ችቧቸውን ለኩሰው «ኢዮሃ አበባዬ» እያሉ በደጄ አልፈዋል፤ በዚህ ደጋ ብርዱ ለዓውደ ዓመትም ቢሆን ስለማይመለስ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ተቀምጫለሁ።

በጳጉሜን ቀናት የማደርገው አንድ የቆየ ልማድ አለኝ። የዓመቱን ዕቅድ የጻፍኩበትን ደብተር አውጥቼ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሰብኩትን ሁሉ መስመር በመስመር አነባለሁ። ዘንድሮ የ2018ን ገጽ ስገልጥ አሥራ አንድ ዕቅድ አገኘሁ። ከእያንዳንዱ ጎን ወሩና የሚያስፈልገው ገንዘብ በጥንቃቄ ተጽፏል። «ጥር፦ የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ይለብሳል» ይላል አንዱ፤ «ሚያዝያ፦ በርና መስኮት ይገባል» ይላል ቀጣዩ። ከአሥራ አንዱ የተፈጸሙት ሁለቱ ናቸው። ዕቅድ ያልሞላለት ሰው እኔ ብቻ ስላልሆንኩ ይህ ብዙም አልከነከነኝም፤ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ገጹን ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ ባነበው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አላገኘሁበትም።

ይህ ቃል እኮ ከአፋችን የማይለይ ቃል ነው። ነገ እንገናኝ ሲሉን «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» እንላለን፤ እንዴት አደራችሁ ሲሉን «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን፤ ውለታ ለዋለልን ሰው የምንሰጠውን ምስጋና እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለን፣ ብድራቱን መክፈል የሚችለው እርሱ መሆኑን እናምናለን። ቋንቋችን ያለ እግዚአብሔር ስም ሰላምታ መስጠትም ይከብደዋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እኔ ግን በአፌ የምለውን በእጄ ስጽፍ ዘነጋሁት። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 4ኛ ምዕራፍ፣ ዛሬ ወይም ነገ ወደዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች ሲገሥጽ፣ ሕይወታችንን ጥቂት ጊዜ ታይቶ በሚጠፋ እንፋሎት ይመስላታል። ያ ተግሣጽ ለእኔ ደብተር የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ ዛሬ አነበብኩት።

ጥቅምት ሲጋመስ ከመንዝ ስልክ ተደወለልኝ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሳለ ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት ወድቃ ነበር። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ተሳፍሬ ደረስኩላት። ከዚያ በኋላ ያለውን የታመመ ያስታመማችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ስንል የጣሪያው ገንዘብ በመድኃኒትና በመኪና ኪራይ አለቀ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። ልነግራችሁ የፈለግሁት በመካከሉ ስለነበረችው አንዲት ሌሊት ነው።

እናቴ ወደ ቤቷ ተመልሳ በተኛች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አባቴ «አንተ ሂድና ቁምላት፤ እኔ ከእርሷ አልለይም» ብሎ ወደ ደብራችን ላከኝ። ጽጌ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት አርባ ቀናት፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እያሰብን በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌት እንደሚቆም ታውቃላችሁ። ገብቼ ሳይ ጧፉ በርቷል፤ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ከበሮው ገና አልተነሣም። አንድ በዕድሜ የገፉ መሪጌታ መቋሚያ ዘረጉልኝ። «አባቴ፣ ለእርስዎ ይሁን፤ እኔ ጉልበት አለኝ» አልኳቸው። ምንም ሳይመልሱ መቋሚያውን ከአጠገቤ ካለው ግድግዳ አስጠግተውት ወደ ቦታቸው ሄዱ።

እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። የስንት ቀን እንቅልፍ ማጣት፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር፣ ለአባቴም ያልነገርኩት ፍርሃት ሁሉ እግሬ ላይ ወረደ። ዞር ብዬ ሳይ እኒያ ሽማግሌ ክንዳቸውን መቋሚያው ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር ያዜማሉ። ዝማሜው ሲደርስ መቋሚያውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይዘምሙበታል፤ ሲያበቃ ተመልሰው ያርፉበታል። እጄን ዘርግቼ የተውኩትን መቋሚያ አነሣሁ። እንጨቱ ብዙ እጅ ስለዳሰሰው ለስልሷል፤ ራሱን ብብቴ ሥር ሳስገባው እንደ ሰው ትከሻ ሆኖ ተቀበለኝ። እናቴ ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፤ እስኪነጋም ቆምኩ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ መቋሚያውን ልመልስላቸው ሄድኩ። «ልጄ፣ ስሙን ልብ ብለኸዋል?» አሉኝ። «መደገፊያ አላሉትም። መቋሚያ ነው ያሉት።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

ወዳጆቼ፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህ ነገር ከልቤ አልወጣም። በእግዚአብሔር መደገፍ ሲባል እሰማ የነበረው የደካማ ሰው ማረፊያ፣ ሌላ መንገድ ያለቀበት ሰው የመጨረሻ አማራጭ እየመሰለኝ ነበር። በዚያ ማኅሌት ግን ሌሊቱን ሙሉ በእግራቸው የቆሙት የተደገፉት ናቸው፤ በጉልበቴ እቆማለሁ ያልኩት እኔ ነኝ የራድኩት። መጽሐፈ ምሳሌ በ3ኛው ምዕራፍ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል። ጠቢቡ ሁላችንም አንድ ነገር እንደምንደገፍ ያውቃል፤ ያልተደገፈ ሰው የለምና። አንዱ ደመወዙን፣ አንዱ ዘመዱን፣ አንዱ ዕውቀቱን፣ እኔ ደግሞ ደብተሬን ተደግፈን ኖረናል። አባቶቻችን መቋሚያው ጌታ የተሸከመውን መስቀል ያሳስባል ብለው ያስተምራሉ፤ በዚህ ትምህርት ካየነው እኛን ያቆመን እንጨት አስቀድሞ በእርሱ ትከሻ ላይ የነበረ ነው።

የምንገባበት ዓመት በወንጌላዊው ሉቃስ የሚጠራ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት በ5,500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2019 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7,519 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል፤ ሦስት ሲተርፍ ዘመኑ የሉቃስ ነው። እኔም በዚህ ሳምንት ወንጌሉን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ 12ኛው ምዕራፍ ላይ ቆምኩ። እርሻው እጅግ ስላፈራችለት ባለጠጋ የሚናገረውን ምሳሌ ከአራቱ ወንጌላውያን የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው። ሰውየው ሌባ አልነበረም፣ ድሃ በደለም አልተባለም፤ ምድሩ ሰጠችው፣ እርሱም የሚያከማችበትን አሰበ። ንግግሩን ግን አድምጡት፤ ፍሬዬን፣ ጎተራዬን፣ በረከቴን፣ ነፍሴን ይላል። በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ላይ ራሱ አለ፤ እግዚአብሔር ግን በአንዱም ውስጥ የለም። ዝናቡን ማን እንዳዘነመው ሳያነሣ ስለ ብዙ ዘመን አቀደ፤ የቀረችው ግን ያቺ ሌሊት ብቻ ነበረች። ይኸው ወንጌል አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ በ11ኛው፣ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የዕለት እንጀራችንን ዕለት ዕለት ስጠን ብለው እንዲለምኑ ሲያስተምር ያሳየናል። የዓመት እንጀራ ለምኑ አላላቸውም። ለዓመቱ የሚበቃውን በአንድ ቀን ቢሰጠን ኖሮ፣ ምናልባት በዓመት አንድ ቀን ብቻ እንጠራው ነበር።

«እንግዲያው ዕቅድ ይቅር?» የሚለኝ ወዳጅ ይኖር ይሆናል። አይቅር። «እርሱ ያውቃል» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥን እምነት አድርጎ መቁጠር በመካከላችን ያለ ክፉ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የፈጣሪን ስም የስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ነውና። እኔ ይህን የተማርኩት ከአባቴ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ገበሬው ክረምቱን ብቻ ሳይሆን በልጉንም ጠብቆ ገብስ ይዘራል፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ ሲፈልግ የሚዘገይ፣ ሲለውም ጭራሽ የሚቀር ነው፤ ዝናቡ ቢሳካም ውርጩና በረዶው አሉ። አባቴ ይህን ሁሉ እያወቀ ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል። ቤት ውስጥ እህል ባነሰበት ጊዜ እንኳ ያልተነካውን ዘር ከጎታ አውጥቶ በቁና ይሰፍራል። ከማሳው ዳር ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ «በስመ አብ» ብሎ ያማትብና የመጀመሪያውን ጭብጥ ይበትናል። ከእጁ የወጣው ገብስ ለልጆቹ ቆሎ፣ ለቤቱ እንጀራ ሊሆን ይችል የነበረ ነው። እጁን ሳይከፍት አይዘራም፤ ከዘራ በኋላም ዝናብ ማዝነም አይችልም። ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ምንም ሳይዝ ሲያድር፣ በቃልህ መረቦቹን እጥላለሁ ያለው በዚሁ በሉቃስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ነው፤ መረቡን የጣለው እርሱ ነው፣ ዓሣውን የሰበሰበው ግን ቃሉ ነው። በነገራችን ላይ በመንዝ ያለውን የጓሳን የሣር ምድር እንዳይታጨድና እንዳይጋጥ ለዓመታት ዘግተው፣ የሚከፈትበት ቀን እስኪደርስ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቁ የነበሩ የመንዝ አባቶች ልጆች ስለሆንን፣ መጠበቅ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር።

እውነቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ የለመንኩት ሁሉ አልተሰጠኝም። እናቴ በእግዚአብሔር ቸርነት ዛሬም አለች፤ ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ እንዝርት ይዛ ጥጥ መፍተል አልቻለችም። የቤቱ ግድግዳም እስካሁን ያለ ጣሪያ እንደቆመ ነው። በሌላ በኩል ያልለመንኩት ነገር መጣልኝ። በኅዳር አባቴ ከእናቴ አጠገብ መነሣት ባልቻለበት ጊዜ፣ የአካባቢው ሰው ማንም ሳይጠራው ማጭዱን ይዞ ወጥቶ ገብሱን በደቦ አጨደለት፤ ሴቶቹም ጠላና ዳቦ ይዘው ከቤታቸው መጡ፣ ከእኛ ቤት ውኃ እንኳ አላስቀዱም። እግዚአብሔር እጁን ሲዘረጋልን ብዙ ጊዜ በጎረቤት እጅ አድርጎ ነው። እኔ ለዓመታት የማንንም እርዳታ አልፈልግም እያልኩ ስኮራ፣ ከሰው የሚመጣውን ብቻ የምመልስ ይመስለኝ ነበር።

ይህን መልእክት ከምታነቡት መካከል በዚህ ዓውደ ዓመት ከቤቱ አንድ ሰው የጎደለበት፣ ሥራ ያጣ፣ መንገድ አስቸግሮት ከወላጆቹ ጋር ቄጤማ ጎዝጉዞ መዋል ያልቻለ እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ ፈጥኖ የሚያጽናና ቃል የለኝም። እናቴ በሕመሟ ወራት ካህኑ እንዲያነቡላት ደጋግማ የጠየቀችውን ብቻ ላካፍላችሁ። ነቢዩ ዕንባቆም በ3ኛው ምዕራፍ፣ በለስ ባታፈራ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፣ ላሞችም በጋጡ ባይገኙ፣ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ይላል። በመንዝ በግ ከበረት ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናቴ ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም። ያንን ሁሉ ሰምታ «እኔ ግን» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ደህነኛውን እጇን ከጋቢው ውስጥ አውጥታ ታማትብ ነበር።

አሁን አዲሱ ገጽ ከፊቴ ተገልጧል። ከላይ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ ብንኖርም» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ አራት ዕቅድ ብቻ አሰፈርኩ። ጣሪያው አንዱ ነው። ሁለተኛው ጠዋት ስነቃ ስልኬን ከማንሣቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያትን ቆሜ ለመድገም ነው። ሦስተኛው ጽጌ ሲገባ ወደ መንዝ ወጥቼ እኒያን መሪጌታ ለመጎብኘት ነው። አራተኛውን በእኔና በእርሱ መካከል ልተወው። ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜን 6 ቀን ስለሚሆን፣ መጪው ዓመት ከአሁኑ በአንድ ቀን ይረዝማል፤ ለዚያች ቀን አንድ መስመር አበጅቼላት ባዶ ተውኳት።

የደብሩ ደወል ተደውሏል፤ ለቅዱስ ዮሐንስ ማኅሌት ሊቆም ነው። ዘንድሮ መቋሚያውን ቀድሜ እለምናለሁ። ከመላ ቤተሰባችሁ ጋር ዓመቱ የሰላም፣ የጤናና የበረከት ይሁንላችሁ። አሜን።