ትሬለር የሚያልቀው ቆሞ ነው

ትሬለር፣ ማለቴ መኪና የሚጎትተው ሰው የሚያድርበት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ መንገድ ላይ ነው የሚያረጀው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ማለት አልችልም፣ እኔ እስከማውቀው አብዛኛው የሚበላሸው ቆሞ እያለ ነው፣ ዋናው ጠላቱ ደሞ ውሃ ነው። ጣራው ላይ መጋጠሚያው የታሸገበት ነገር በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በዛች ስንጥቅ ዝናብ ይገባል፣ ከዛ ግድግዳው ውስጥ ያለው እንጨት ቀስ እያለ ይበሰብሳል፣ ከውጪ ግን ምንም አይታይም እኮ! ግድግዳውን በጣት ስትጫኑት ወደ ውስጥ ከገባ በቃ ረፍዷል። ስለዚህ በየሶስት ወሩ መሰላል አውጡና የጣራውን መስኮት ዙሪያ፣ የአየር ማስወጫውን፣ ጠርዝ ጠርዙን በእጃችሁ ዳስሱ። ጣራው የጎማ ከሆነ ነዳጅ ነክ ማፅጃ እንዳታስነኩት፣ ያብጣል። ተራ ሲሊከንም አትቀቡ፣ በደንብ አይይዝም፣ ለጣራ ተብሎ የተሰራው አለ እሱን ግዙ።

ጎማ ላይ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነው የሚያየው። የትሬለር ጎማ ግን ጥርሱ ሳያልቅ በእድሜ ነው የሚሞተው፣ ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ፅሁፍ ጋር መጨረሻ ላይ 4 ቁጥር አለ፣ 2321 ካለ በፈረንጆቹ 2021 በ23ኛው ሳምንት ተሰርቷል ማለት ነው። ከ5 እስከ 7 አመት ከሞላው አዲስ ቢመስልም እኔ አላምነውም። ሲቆም ንፋሱን ሙሉትና ከፀሐይ ሸፍኑት። ኩሽኔታውን በአመት አንዴ አስፈትቶ አሳጥቦ አዲስ ግራሶ ማስሞላት ነው፣ ጎማ ከተፈታ ደሞ መጀመሪያ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሄዳችሁ በኋላ ዳዶውን ድጋሚ አጥብቁ።

ባትሪ ላይ ሁሉንም አጥፍቻለሁ ትላላችሁ፣ ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው ጠቋሚ ግን ሳታውቁት ባትሪውን እየመጠጠ ነው። ሞልታችሁ ነጌቲቩን ንቀሉ፣ ሙሉ የሆነ የአሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ባዶ ሆኖ ብርድ ካገኘው ውስጡ በረዶ ይሆንና ይሰነጠቃል።

ውሃ በረዶ የሚሰራበት ቦታ ከሆናችሁ ታንከሩንም ቦይለሩንም አፍስሱ፣ ቦይለሩ ግን መጀመሪያ ይቀዝቀዝ። የውሃ ቱቦው በረዶ ሰርቶ እንዳይፈነዳ ውስጡ የሚገባው ለትሬለር የተሰራው ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ነው፣ የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባውን እንዳትሞክሩት፣ መርዝ ነው።

ሸራ ስታለብሱ አየር የሚያስገባ ይሁን፣ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። የፍሪጁን በር ክፍት ተዉት። ከስር ሽቦና ቱቦ የሚገባበትን ቀዳዳ በብረት ሱፍ ድፈኑ አለዚያ አይጥ ቤት ሆነ ማለት ነው። ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ፣ ስትመለሱ ደሞ ምድጃውን ለኩሱና ነበልባሉን እዩት፣ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ከሆነ ሸረሪት ቱቦው ውስጥ ድር ሰርታ ሊሆን ስለሚችል ሳትፀዳ ምንም አትቀቅሉባት።