ህዳር እና ኅዳር፦ ስምንት ወር ከፓይተን ጋር

ትናንት ማታ የሰፈራችን እድር የሦስት ዓመት መዋጮ በአንድ ግራፍ ላይ ወጣልኝ። አሥራ ሁለት ባር፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ በቅደም ተከተሉ። ለብዙ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ዳታ አናሊሲስን በቪዲዮ እየተማራችሁ ላላችሁ የሄድኩበትን መንገድ ልጻፍላችሁ፤ አንድ ሁለት ሌሊት ባተርፍላችሁ ደስ ይለኛል።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። ዩቲዩብ ላይ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የሚያስተምር ረጅም ትምህርት አገኘሁ፣ በሌሊት ጥቅል አወረድኩት። ቫሪያብል፣ ሊስት፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን፣ እዚህ ላይ አላቆያችሁም። ከዚያ ፓንዳስ (የሠንጠረዥ ዳታ መሥሪያው)፣ ከዚያ ማትፕሎትሊብ (ግራፍ መሣያው)። ላፕቶፔ አቅም ስለሌለው የምሠራው ጉግል ኮላብ ላይ ነው፣ ኮዱ በኢንተርኔት በጉግል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኔትወርክ ካለ ስልክም ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት የጨረስኩት በማየት ብቻ ነው። አስተማሪው ሲጽፍ አያለሁ፣ ይገባኛል፣ ቀጣዩን እከፍታለሁ። ደብተሬ በማስታወሻ ሞላ። አንድ ቀን ባዶ ኖትቡክ (ኮድ መጻፊያ ገጽ) ከፍቼ አንዲት የኤክሴል ፋይል ማንበብ አቃተኝ፤ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ እጅ ኪቦርድ ላይ ሳይሆን የሚታይ የኮዲንግ ቪዲዮ ትምህርት አይደለም። ኮድ ገልብጦ ማስኬድም ያው ነው። አሥር ደቂቃ እዩ፣ ዝጉት፣ ከራሳችሁ ጻፉ። ካቃታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት።

ሌላው ቅሬታዬ ምሳሌዎቹ ናቸው። የትኛውንም ቪዲዮ ብትከፍቱ ወይ የታይታኒክ 891 ተሳፋሪዎች ናቸው፣ ወይ የአይሪስ 150 አበባዎች። እነዚህ የታወቁ መለማመጃ ዳታዎች ለመጀመሪያ ሳምንት ጥሩ ናቸው። ግን ዳታው ታጥቦና ተተኩሶ ነው የሚቀርበው። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ወሩ ከጃንዋሪ ይጀምራል፣ ማንም ሰው ስሙን በሁለት ዓይነት አይጽፍም። የእኛ መዝገብ እንደዚያ አይደለም።

እናቴ የእድሩ አባል ናት። ጸሐፊውን ጋሼን ለምኜ የ2014፣ የ2015 እና የ2016 መዝገቦችን ተዋስኩ። አባሉ 140 ነው። ስም፣ ወር፣ የተከፈለ ብር። እንደተጻፈው አድርጌ፣ አንድ ፊደል ሳልቀይር ኤክሴል ላይ ለቀምኩት፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ግራፍ ሲወጣ ከባሮቹ ሥር የወር ስም የለም። ባዶ ሳጥኖች ብቻ። ከሥሩ ደግሞ ግሊፍ (የፊደል ቅርጽ) 4632 ጠፋ የሚል ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ 4632 ማለት «መ» ነው። ማትፕሎትሊብ ራሱ ይዞት የሚመጣው ደጃቩ ሳንስ የሚባለው ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አውርዶ በፎንት ማናጀሩ መጨመር ነው። አንድ ሌሊት ያባከነብኝ ግን ፎንቱን ስመርጥ የፋይሉን ስም መጻፌ ነው፤ የሚፈልገው ፎንቱ ውስጥ ያለውን ስም ነው። ኮላብ ላይ ደግሞ አዲስ ሴሽን (የሥራ ክፍለ ጊዜ) በከፈታችሁ ቁጥር እንደገና መጫን አለባችሁ።

ሳጥኖቹ ሄዱ፣ ፊደሉ መጣ። እና ባሮቹን ቆጠርኳቸው፣ አሥራ ስድስት!

እድራችን በጳጉሜ አይሰበስብም፣ ስለዚህ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ግራፉ በ«ሀምሌ» ይጀምራል፣ ቀጥሎ «ህዳር»፣ ቀጥሎ እንደገና «ሐምሌ»፣ መስከረም አራተኛ ላይ ነው። መጀመሪያ የለቀማ ስህተት መስሎኝ ወደ መዝገቡ ተመለስኩ። ስህተት የለም። እስከ 2015 አጋማሽ የጻፉት ጋሼ ናቸው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆኑ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ብለው ነው የሚጽፉት። ከዚያ ዓይናቸውን ሲያማቸው አንድ ወጣት ተረከበ፤ እሱ ህዳር፣ ታህሳስ፣ ሀምሌ፣ ነሀሴ ይላል። ለእኛ ለአንባቢዎቹ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሀ 4608 ነው፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ድምፃቸውን አይሰማም። በየወሩ የሚያቧድንልኝ የፓንዳስ ትእዛዝ፣ ግሩፕባይ፣ ደግሞ የሚደረድረው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው።

ወሮቹን በሪፕሌስ (አንዱን ቃል በሌላ በሚተካው ትእዛዝ) አራት መስመር ጽፌ ማስተካከል እችል ነበር። ግን ስሞቹስ? የአባላቱን ቁጥር ፓንዳስን ስጠይቀው 197 አለኝ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ዓለሙ፣ አለሙ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። በወረቀት ላይ ማንም ያላየው ነገር እዚህ ሰውን ለሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱ አባል የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት ይመስላል፣ ሰውየው ግን በሌላኛው አጻጻፍ አጠናቆ ከፍሏል። ይህን ሳላይ ግራፉን ስብሰባ ላይ ይዤ ብቀርብ ኖሮ የሰው ስም አጠፋ ነበር።

መድኃኒቱ የፊደል ሠንጠረዥ ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ። አምስት ቤት በሰባት፣ 35 ፊደል። ከዚያ በላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ። ይህን ፓይተን ውስጥ ባለው ትራንስሌት በሚባለው ነገር በአንድ ጊዜ ትቀይሩታላችሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አስኬድኩት፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» አሁንም ሁለት ሰው ናቸው። ሁለት ቀን ፈለግኩ። ለካ ኃን ወደ ሃ፣ ሃን ወደ ሀ ብዬ ጽፌ ተከታትሎ እንዲያልፍ እየጠበቅኩ ነው። ትራንስሌት እያንዳንዱን ፊደል አንዴ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ኃ ሃ ላይ ደርሶ ይቆማል። ኃን በቀጥታ ወደ ሀ ስልከው 197ቱ ወደ 148 ወረደ። ከወንበሬ ተነሥቼ ለእናቴ ነገርኳት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። የተቀየረውን ስም በዋናው ስም ላይ አትጻፉበት። ሌላ ኮለም (ዓምድ) ፍጠሩ፣ ለመቁጠርና ለማገናኘት በእሱ ተጠቀሙ፣ ሲታተም ግን ሰውየው ራሱ የሚጽፈው ስም ይውጣ። ድኅነት (መዳን) እና ድህነት (ማጣት) አንድ ቃል አይደሉም። ፊደሉን ለማሽኑ ብለን ካጠፋነው ከየት ልናመጣው ነው?

የወሮቹን ቅደም ተከተል ያስተካከልኩት ካቴጎሪካል በሚባለው የፓንዳስ ዓይነት ነው። ወሮቹን ከመስከረም ጀምራችሁ ትዘረዝሩለታላችሁ። ግን ዝርዝሩን በተቀየረው አጻጻፍ ጻፉት። እኔ ኅዳር ብዬ ብጽፍ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ህዳርን በሙሉ ባዶ አደረገብኝ። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጡ የሚል ምክርም ታገኛላችሁ። ለእድር መዝገብ አያስፈልግም፤ ወሩ እንዲያውም ለሁለት ይሰነጠቅና ማንም አያነበውም።

ብሩ ላይ ብዙ አልልም። «50 ብር» ብሎ የተጻፈ ካለ ጽሑፍ ነው፣ ስትደምሩት ጎን ለጎን ይቀጣጠላል፤ መጀመሪያ «ብር» የሚለውን አውጡት። ቪዲዮ ሲሰለቻችሁ የፓንዳስን የራሱን «10 ደቂቃ» መግቢያ አንብቡ። አሥር ደቂቃ አይበቃውም፣ ግን ከብዙ ሰዓት ቪዲዮ በላይ ጠቅሞኛል።

ግራፉን አሳትሜ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። መስከረምና ጥቅምት ዝቅ ብለዋል፣ ኅዳር ከፍ ብሏል። መነጽራቸውን አድርገው ቆዩና «ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነዋ፤ የደብተሩ ወጪ ሲያልፍ ውዝፉን ይከፍላሉ» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን «ህዳር» ላይ አድርገው «ይሄ ፊደሉ ልክ አይደለም» አሉ። ማታውኑ አርሜዋለሁ፤ የሚቆጠረው በተቀየረው ነው፣ ግራፉ ላይ የሚወጣው ግን እሳቸው የሚጽፉት ኅዳር ነው። ትናንት የወጣው እሱ ነው።

ከ148ቱ ስምንቱን በእጄ ነው ያገናኘሁት። ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያም የመሳሰሉ ናቸው። ዛሬ ማታ የ2013ን መዝገብ እጀምራለሁ፤ ለእነዚህ ከእጅ ሥራ የተሻለ ዘዴ ያገኘ ካለ ይጻፍልኝ።