«የመምጣቴ ነው የመስማማቴ?»

ፕላን ሥራ ላይ የቆየ ሰው ያውቀዋል፣ ኤል ዲ ፒ፣ ማለትም የአንድ ሰፈር ዝርዝር የልማት ፕላን፣ ሲሠራ ከሥዕሉ ይልቅ ወረቀቱ ይከብዳል። የመሬት አጠቃቀሙ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የሕንፃው ከፍታ ሁሉ አልቆ «ነዋሪው ተወያይቶበታል» የሚል ቃለ ጉባኤ ካልተያያዘ አያልፍም። የከተማ ፕላን አዋጁም፣ ቁጥር 574/2000፣ የሕዝብ ተሳትፎ ይላል። የእኛ ቡድን መሪ ግን ተሳትፎን የሚለካው በቀረበው ውሃና ዳቦ ነበር።

ሰፈሩ ከአያት አለፍ ብሎ ነው። ካርታ ያለውም፣ ሰነድ አልባውም፣ የአርሶ አደር ይዞታውም ተደበላልቆ ይኖራል። ፕላኑ ላይ 20 ሜትር መንገድ መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል፣ ወንዙ ዳር ደግሞ አረንጓዴ። ፕሮጀክተር ላይ ሲታይ ያምራል። የቀባሁት እኔ ነኛ!

አዳራሹ ውስጥ ግን ስለ ቀለም የጠየቀ የለም። «የ97ቱ የአየር ካርታ ላይ ቤቴ አይታይም፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነበር። ምን ልሁን?» አሉ አንዲት እናት። ሰነድ አልባ ቤት ሕጋዊ የሚደረገው በ1997 ዓ.ም. ከአየር በተነሳው ካርታ ላይ ከታየ ነበር። መሪያችን «እሱ የይዞታ ጉዳይ ነው፣ እኛ ፕላን ነን» ብሎ አለፋቸው። ይህችን መልስ በየአዳራሹ ሰምቻታለሁ። መንገዱ በሰው ይዞታ ሳይሆን በአየር ላይ የሚያልፍ ይመስል።

ሻይ ሲመጣ የስም መመዝገቢያው መዞር ጀመረ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ምርመራ። ሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ አንድ አዛውንት ዘንድ ደርሶ ቆመ። የእድር ጸሐፊ ናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ርዕስ የለውም።

«ልጄ፣ ይሄ ፊርማ የመምጣቴ ነው የመስማማቴ?» አሉኝ።

«ያው ነው ጋሼ» አለ መሪያችን ከኋላዬ።

«እንዴት ያው ይሆናል? ቀብር ስሄድ በሞቱ ተስማምቻለሁ ማለት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ላፕቶፑ ሥር የወደቀ ነገር የምፈልግ መሰልኩ።

«ለሥነ ሥርዓት ያህል ነው ጋሼ፣ ይፈርሙ ግድ የለም።»

«ለሥነ ሥርዓት ከሆነማ በሥርዓት እንጻፈዋ» አሉና ምርመራ በሚለው ዓምድ ላይ፣ ያን በመሰለ የእድር መዝገብ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተገኝቻለሁ። በመንገዱ አልተስማማሁም» ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ያሉት ሴትዮ አዩና «እንደ ላይኛው» አሉ። ቀጣዩም እንደ ላይኛው። እስከ ገጹ መጨረሻ እንደ ላይኛው ሆነ። በዚህ ሥራ ምርመራ የሚለውን ዓምድ ሰው ሲሞላው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መኪና ውስጥ መሪያችን እስከ ሲኤምሲ አልተነፈሰም። ከዚያ «ማነው ይሄን ቅጽ ያወጣው?» አለ። ሰው ምን እንዳለ ሳይሆን የት ቦታ አግኝቶ እንደጻፈው ነው ያናደደው። ሁለተኛው ክፍያችን ከቃለ ጉባኤው ጋር የታሰረ ስለነበር ንዴቱ ይገባኛል። ሪፖርቱን ሳነብ ግን «ተሳታፊዎቹ ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ተቀብለውታል» ይላል፣ ለማስረጃም የመመዝገቢያው የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ተመርጧል።

አባሪዎቹን አደራጅቶ የሚጠርዘው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ገጽ እንዴት አብሮ እንደተጠረዘ መሪያችን እስከዛሬ ይጠይቃል።

ገምጋሚዎቹ አዩትና ፕላኑን መለሱት። እኔም ደስ አለኝ፣ ለትንሽ ጊዜ። ማስተካከያ ተብሎ መንገዱ ስፋቱ ሳይነካ ወደ ምሥራቅ ተገፋ፣ ስብሰባው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ግቢ ላይ። እነሱን ለማወያየት ሌላ ስብሰባ አልተጠራም፣ ቃለ ጉባኤ ቀድሞም አለና።

ለሚቀጥለው ሰፈር የተዘጋጀው ቅጽ ባለፈው ደረሰኝ። ርዕስ አሁንም የለውም። ምርመራ የሚለው ዓምድ ወጥቷል፣ የፊርማው ቦታ ሰፍቷል።