ጸጉሬን የበላው ላሹ አይደለም

መጀመሪያ ያየው ጸጉር አስተካካዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ እሱ ጋ ነው የምስተካከለው። መስከረም 2014 ላይ ማሽኑን ከማጅራቴ ወደ ላይ እየነዳ ድንገት አጠፋውና "ብሮ፣ ላሽ በልቶሃል" አለኝ። መስታወት ከኋላዬ ይዞ አሳየኝ። የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰች ቦታ። አታምም፣ አታሳክክም። ከዚያ ማሽኑን እዚያው ፊቴ በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠረገው። ላሹ ሳይሆን ያቺ መጥረግ ናት ያመመችኝ።

በወሩ ሦስት ሆኑ። አንዷ ከግራ ጆሮዬ በላይ፣ ትልቋ ደግሞ አናቴ ላይ። ቢሮ ውስጥ ቀልዱ ለመጀመር አንድ ቀን አልፈጀበትም። "ጸጉርህ ላሽ አለ እንዴ?" ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ቤት ስገባ ግን መስታወት ፊት ቆሜ በስልኬ የራሴን አናት ፎቶ አነሳለሁ። እስከዛሬ ስልኬ ውስጥ መቶ ምናምን የአናት ፎቶ አለ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የቱ እንደሆነ አልናገርም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተሰልፌ ካርድ አወጣሁና 5 ሰዓት ላይ ገባሁ። ባለሙያው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አየኝ። አልተነሳም፣ አልነካኝም። "ጭርት ነው" አለና ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ጻፈልኝ። ስድስት ሳምንት ዋጥኩት። ምንም። በኋላ እንደተነገረኝ የራስ ጭርት በብዛት የሚይዘው ልጆችን ነው፤ ቅርፊት ያወጣል፣ ጸጉሩም ይሰባበራል። የኔ ልሙጥ ነበር። ከወንበሩ ተነስቶ አንዴ በጣቱ ቢዳስሰኝ ኖሮ ይገባው ነበር። ስድስት ሳምንቴን አሁንም ይቅር አላልኩትም።

ግን ሰውየውን ብቻ ብወቅስ ውሸት ነው። ትልቁን ጥፋት ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

የልጅነት ጓደኛዬ ጥር ላይ ሊያገባ ነው፤ እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል፤ ሱፍ ተለክቷል። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። እማማ ነው የምንላቸው ሁላችንም፣ ብሎኩ ሙሉ። ኮፍያዬን ሳወልቅ አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ላሽ ነው። ሌሊት ነው የሚልሰው" አሉኝ። የሚልሰው ምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መድኃኒቱን ነው የጠየቅሁት። ዲግሪ ያለኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ! ለአንድ ደረሰኝ ሦስት ፊርማ የምጠይቅ ሰው፣ ለራሴ ቆዳ ግን አንድ ጥያቄ አላነሳሁም።

ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ወቀጡ። አዲስ ምላጭ ከሱቅ አስመጡ (አዲስ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ተመስገን)። ሦስቱንም ሊሠሩልኝ ነበር። "በትልቁ እንሞክርና እንየው" ያልኩት እግዜር አሳስቦኝ መሆን አለበት። አናቴን ደም ጤዛ ጤዛ እስኪል ቧጨር ቧጨር አደረጉት። ከዚያ የተወቀጠውን ጫኑበት፣ በላዩ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ኮፍያ። "እስኪነጋ እንዳትነካው" አሉኝ።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማቃጠል ጀመረ። በሰዓቱ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው፤ ሴትዮዋን ከእንቅልፍ ቀሰቀስኩ። "ማቃጠሉ መሥራቱ ነው ልጄ፣ ቻል" አሉኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር እጠላታለሁ። በሕይወቴ እንደሷ ያከሰረችኝ ዓረፍተ ነገር የለችም። ቻልኩ። የማይቻለውን ነገር በኩራት፣ ትራሴን ነክሼ፣ ፈተና እንደሚያልፍ ሰው ቻልኩ፤ ጠዋት ፌስታሉን ሳነሳው ቆዳዬ ተከትሎት ተነሳ።

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ሽታውም መለብለቡም ከዚያ ነው። ድስት ውስጥ ሲገባ ደስ ይላል። በምላጭ በተከፈተ ቆዳ ላይ፣ ያውም በፌስታል ታፍኖ ሲያድር ግን እንደ ፈላ ዘይት ነው፣ ያቃጥላል። ይህን ያነበብኩት ከሆነ በኋላ ነው።

እዚህ ጋ ደግሞ ሁለተኛውን ጥፋት ጨመርኩ። አፍሬ ክሊኒክ አልሄድኩም። ምን ልበል? "ነጭ ሽንኩርት ጭኜ አደርኩ" ልበል? ለጋ ቅቤ ቀባሁበት። በአራተኛው ቀን መግል ያዘ፣ አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። ያኔ ነው እህቴ እየጎተተች ክሊኒክ የወሰደችኝ። አንቲባዮቲክ፣ በየሁለት ቀኑ ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ። በሠርጉ ዕለት ሙሽራው ጥቁር ባርኔጣ ገዝቶ ሰጠኝና ፋሻውን ሸፈንኩት። ባርኔጣዬን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳወልቅ የተነሳችው ፎቶ አልበሙ ውስጥ አለች። የሙሽራዋ አክስት ጦር ግንባር የዘመትኩ መስሏቸው በቆሙበት መረቁኝ። አላረምኳቸውም።

እናቴ ደግሞ ጸበል ወሰደችኝ። ጸበሉ ቢያንስ አላቃጠለኝም።

የቆዳ ሐኪም ጋ የደረስኩት የካቲት ላይ ነው፣ መሀል ከተማ፣ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ዶክተሯ ተነስታ መጣች። ዳሰሰችኝ፣ በማጉያ አየች፣ ከዚያ ጥፍሬን ጠየቀችኝ። ገረመኝ። ለካ ላሽ አንዳንዴ ጥፍር ላይም ነጠብጣብ ጉድጓድ ይሠራል። "ላሽ ከማሽን አይደለም፣ አይተላለፍም" አለችኝ። የገዛ ሰውነት መከላከያ የጸጉሩን ሥር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃው ነው። ቀጥላ ሁለቱን ትንንሽ ቦታዎች እየጠቆመች "ላሽ ሥሩን አይገድለውም፣ ያስተኛዋል። እነዚህ ሊነቁ ይችላሉ" አለች። ከዚያ አናቴን ነካችና ዝም አለች። "ይሄኛው ግን ጠባሳ ነው። ጠባሳ ላይ ሥር የለም።"

ማለትም ላሹ ሊመልስልኝ የሚችለውን ጸጉር እኔ ራሴ ቀበርኩት። ወደ ቤት ስመለስ ቃሊቲ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ።

የቀረው ቀላል ነው። የታይሮይድ ምርመራ፣ ደህና። ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት) በመርፌ ራስ ቆዳ ውስጥ፣ በአምስት በአምስት ሳምንት፣ አራት ዙር። ያማል ግን ደቂቃ ነው። በሁለተኛው ወር ነጭ ለስላሳ ጸጉር ብቅ አለ፤ ሸበትኩ ብዬ ደነገጥኩ። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በኋላ ጠቆረ። መጋቢት ላይ ተዋናዩ ዊል ስሚዝ በሚስቱ ጸጉር ላይ በተቀለደ ቀልድ የተነሳ ኦስካር መድረክ ላይ ሰው በጥፊ ሲመታ ቢሮ ውስጥ ቀልዱ ቆመ፤ ድንገት ሁሉም "አሎፔሺያ" (የጸጉር መርገፍ የሕክምና ስሙ ነው) ማለት ቻለ። መርፌው ነው ያዳነኝ ብዬ ግን አልምልም። ትንንሽ ላሽ በዓመት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህንንም የነገረችኝ ራሷ ዶክተሯ ናት። ሊሸጥልኝ የፈለገ ሰው እንዲህ አይልም።

አሠራሩ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ነው። አውቃለሁ። እኔ ግን አቅም ካለህ ቀጥታ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ ነው የምለው። ከሌለህ ጤና ጣቢያ ገብተህ ሳይዳስስህ ለሚጽፍ ሰው "ሪፈር ጻፍልኝ" በል፣ አትፈር። ወደ ፋርማሲ ሄደህ ሚኖክሲዲል የሚባለውን የጸጉር ማብቀያ የምትገዛም ቆም በል፤ እሱ በዋናነት ለሌላ ዓይነት የጸጉር መሳሳት ነው፣ ስታቆመው ደግሞ ያቆየልህ ይረግፋል። "አትጨነቅ፣ ጭንቀት ነው" የሚልህን ሰው አትስማ፤ ያቺ ምክር እኔን በጭንቀቴ እንድጨነቅ ከማድረግ ሌላ ጥቅም አልሰጠችኝም። ሙልጭ አድርጎ መላጨት ግን ረድቶኛል። ሁሉም ሲጠፋ የጎደለው አይታይም።

እማማ ጋ አልተጣላሁም። ቡና ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ። ችግሩ፣ ሁለቱ ሲበቅሉ አይተው ለብሎኩ ሁሉ "የኔ ነጭ ሽንኩርት ነው" ብለው አውርተዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በሬን አንኳኳ። ኮፍያ አድርጓል። "ጋሼ፣ እማማ ልከውኝ ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ስንት ራስ ነው የሚያስፈልገው?" አለኝ።

አስገባሁት። ጎንበስ አልኩና እጁን ይዤ አናቴ ላይ አስቀመጥኩት።