ደረሰኝ የሌለው ምሳ

ክላየንቱ አዲስ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው። ለማስታወቂያው የሰጠን ብሪፍ (የሥራ ማዘዣ) «የአዲስ አበባን ልጅ ሆዱን የሚያባባ ምግብ» ይላል። የእኔን ሆድ የሚያባባው እርጥብ ነው። ዋናው ፖስተር እሱ ይሁን ብዬ ስላይድ ሠራሁ።

አለቃዬ ስላይዱን ያየው ክላየንቱ ፊት ነው። «እርጥብ? ይሄ እኮ የተማሪ ሆድ ማታለያ ነው» አለ። «ደግሞስ ምኑ የእኛ ነው? ዳቦ፣ ድንች፣ ካቻፕ። ባህላዊ አምጡ። ዶሮ ወጥ አድርጉት።»

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በ1858 (እ.ኤ.አ.) ሽምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ነው ይባላል፤ እሱን አልካድኩም። «በርበሬስ?» አልኩ ግን። «በርበሬም ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ኮሎምበስ ባይሻገር ኖሮ ዶሮ ወጣችን አልጫ ነበር።»

ክላየንቱ ሳቀ። አለቃዬ አልሳቀም። የፕሮጀክተሩ ሪሞት እሱ እጅ ስለነበር ስላይዴን ዘለለው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ዕለቱ ዓርብ ነው። የታዘዘው ክለብ ሳንድዊች ከነእንቁላሉ ከነማዮኔዙ ተደርድሮ መጣ። ግማሻችን ጿሚ ነን፣ ክላየንቱም ጭምር። ማን እንዳዘዘው አልናገርም። ሪሞቱን የያዘው ሰው ነው።

ወርጄ ከበሩ ማዶ ካለው ልጅ ለሁላችንም እርጥብ አዘዝኩ። «እንቁላል እንዳይገባ፣ ዳጣው ይብዛ።» ዳቦውን ከጎኑ ይሰነጥቅና የተጠበሰውን ድንች በእፍኝ ይሞጅርበታል። ዳጣውን ያፈስና በማንኪያው ጀርባ ጫን ጫን ያደርገዋል፣ ዳቦው ውስጥ እንዲሰርግ። የጠቀለለበት ወረቀት እጄ ላይ ሳይደርስ ቀልቶ ነበር።

ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ወሬ ጠፋ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ክላየንቱ ነው። «ስምንተኛ ክፍል እያለን አንዱን ለሦስት ነበር የምንካፈለው። የቆረሰው መጨረሻ ያነሳል። ስለዚህ ማንም መቁረስ አይፈልግም።» ለፊርማ ብላ ገብታ እዚያው የቀረችው የፋይናንሷ ልጅ ደግሞ «እኛ የታክሲ ብራችንን በልተንበት በእግራችን ነበር ቤት የምንገባው» አለች፣ ሁለተኛዋን እየጠቀለለች። የዶሮ ወጥ ትዝታ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። አለቃዬ ግማሹን በላና «ዳጣው በዛ» አለ። ቀሪውን ግማሽ ግን ለማንም አልሰጠም።

ፖስተሩ ያው ዶሮ ወጥ ሆነ። ለፎቶው ዘይት ተቀብቶ፣ እንፋሎቱ በኮምፒውተር ተጨምሮበት። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔም ከእንግዲህ ስብሰባ ላይ ስለ ምግብ ትንፍሽ አልልም ብያለሁ። በቀደም በቡና ማስታወቂያ የተጣላነው ቡና መጠጥ ስለሆነ ነው።

የምሳውን ብር ልጠይቅ ፋይናንስ ሄድኩ። ያቺው ልጅ ናት። «ደረሰኝ አለህ?» አለችኝ።

«የእርጥብ ደረሰኝ?»

«ያለ ደረሰኝ አይወራረድማ።»

ሳንድዊቹ ግን ተወራርዷል።