አልደርቅ ያለው የእንቁጣጣሽ ስጦታ

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ከልጆቼ ጋር ከጨው ሊጥ አሥራ አራት የሚሰቀል የአበባ ስጦታ ሠራን። ዘጠኙ ለባለቤቶቻቸው ደርሰዋል። ሦስቱን የሩፋኤል ዝናብ ወስዷቸዋል። አንዱን ትንሹ ልጄ ጠርዙን ልሶ ልሶ ቅርጹን አጥፍቶታል። አንዱ ደግሞ ከተሰጠ በኋላ ተመልሶ መጥቷል። ዘጠኝ ከአሥራ አራት ለእኔ ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። አምና ከሠራነው ለሰው እጅ የበቃ አንድም አልነበረም።

ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ አራት ሊሞላው ነው። የጀመርነው እንደ ማንኛውም ሰው በወረቀት ነው። አበባና ፀሐይ ሥሎ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ለጎረቤት ማዞር። ከዚያ የዶቃ አምባር ሞከርን፤ ክሩ ተበጥሶ ዶቃው እስካሁን ከሶፋ ሥር ይወጣል። አምና ምስርና ሽንብራ ካርቶን ላይ ለጥፈን ነበር። ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው አይጥ ለቅሞ ጨረሰው። ግሊተር አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ፤ ሁለተኛ ቤቴ አይገባም።

ዘንድሮ የጨው ሊጥ ነው። 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ የማይሞላ ውሃ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ፣ እንደ ጆሮ ጫፍ እስኪለሰልስ ድረስ ማሸት ነው። ጨዉ ሻካራ ከሆነ መጀመሪያ ውቀጡት፤ አለበለዚያ ሊጡ ፊቱ ፈንጣጣ ይመስላል። ቀለም አልገዛሁም። ግማሹ ሊጥ ላይ እርድ ጨመርንና ቁልጭ ያለ የአደይ አበባ ቢጫ ወጣ። መሃሉ ላይ አንድ የተቆላ የቡና ፍሬ ተጫንን። ጅማ ተቀምጦ የቡና ፍሬ የሚቸግረው የለም። ክቡን በሲኒ አፍ ቆረጥን፣ የክር ማስገቢያውን ቀዳዳ በስትሮ በሳን።

እዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል። ጣጣው ማድረቁ ነው።

ያየሁት መመሪያ ሁሉ ወይ «በትንሽ ሙቀት ኦቨን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት» ይላል፣ ወይ «ለጥቂት ቀናት አየር ላይ ተዉት»። ኦቨን የለኝም። አየሩ ደግሞ የጅማ አየር ነው፣ ያውም የነሐሴ። የታጠበ ካልሲ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የሚሸትበት አየር። ነሐሴ 25 ሠርተን መስኮት ሥር ደረደርን። በአራተኛው ቀን ላይ ላዩን ነካ ሳደርገው ደርቋል፣ ሳገላብጠው ሥሩ የታኘከ ማስቲካ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፊቱ ላይ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ አገኛለሁ። ጣራው የሚያፈስ መስሎኝ አባታቸውን ወንበር ላይ አቁሜ ኮርኒሱን አስፈተሽኩ።

ጣራው ደህና ነበር። ጥፋተኛው ጨዉ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ጨው ከአየር ላይ ውሃ እየሳበ ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ክረምት ላይ የጨው ዕቃችን ውስጥ ያለው ጨው ለምን ድፍን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ያንኑ ጨው አንድ ሦስተኛ አድርጌ አቡክቼ፣ መስኮት ሥር አስቀምጬ፣ ይደርቃል ብዬ እጠብቃለሁ።

ፍሪጅ ላይ አወጣሁት፤ ትንሽ ተሻለው። ጳጉሜን 3 ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብቅ አለችና ግማሹን በትሪ ግቢ አሰጣሁ። የሩፋኤል ቀን መሆኑን ረስቼ! ዝናቡ ሲመጣ ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው ሮጡ፣ እኔ ደግሞ ትልቋ ጭቃው ላይ እንዳትወድቅ ተከትዬ ሮጥኩ። ትሪው ትዝ ሲለኝ ሦስቱ ቢጫ ሾርባ ሆነዋል። ልጆቹ አላዘኑም። እኔ ነኝ ያዘንኩት።

ያን ቀን ማታ ነው ምጣዱን የሞከርኩት። የመጨረሻዋን እንጀራ እንዳወጣሁ ከአሥራ አራቱ ውጪ የሆነ አንድ ትርፍ ለሙከራ አስቀመጥኩ። እንደ ዳቦ ተነፋ፣ ሆዱ ተሰነጠቀ፣ እርዱ ጠቆረ። ሽታው ግን ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን ምጣዱን አጥፍቼ አቀዘቀዝኩትና አክንባሎውን ከደንኩ። ይሄም ስህተት ነው። ከሊጡ የወጣው እንፋሎት አክንባሎው ላይ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብበታል።

በመጨረሻ የሠራልኝ ይኼ ነው። ምጣዱን አሙቄ አጠፋለሁ። መዳፌን ከምጣዱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ሳይፈጀኝ እስከ ሃያ መቁጠር ስችል፣ የሽቦ ወንፊት ገልብጬ አስቀምጥና ሊጦቹን እላዩ ላይ እደረድራለሁ። ወንፊቱ ከሥር አየር ያሳልፋል። አክንባሎ የለም። ሲቀዘቅዝ አገላብጬ እንደገና። በአንድ ማታ ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ማታ፣ መብራት ካለ። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ከበለጠ አትድከሙ። መድረቁን የምታውቁት በጥፍር ስትመቱት እንደ ገል ኳ ሲል ነው። ድብ ካለ ውስጡ ገና ነው።

ከደረቀ በኋላም አትመኑት፤ ለአንድ ሌሊት ከተዋችሁት መልሶ ያልበዋል። በዚያው ሰዓት ነው መሸፈን ያለበት። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሞክሬያለሁ፤ ይሠራል፣ ግን ሽታው ራስ ያዞራል፣ ልጆቹንም ከሥራው ያስወጣቸዋል። እኔ የወደድኩት ሰም ነው፣ የንብ ሰም። እንደኛ ባለ የማር አገር ማር ሻጮችን ብትጠይቁ አታጡም። ጣሳ ውስጥ አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀልጠዋለሁ። ወደ 63 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል። በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉት፣ ሊቀጣጠል ይችላል። መቀባቱ የእኔ ሥራ ነው። ሲቀዘቅዝ ግን በጨርቅ መወልወሉን ለልጆቹ እሰጣለሁ፤ የእርዱ ቢጫ ያን ጊዜ ነው የሚበራው። ትንሹ አንዱን ለግማሽ ሰዓት ወለወለው። ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

መላሱን ግን ቀልድ አታድርጉት። ይህን ያህል ጨው ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው፣ ለውሻም እንዲሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ትንሹን ሊጥ ባለበት ክፍል ብቻውን አልተወውም።

አሁን ኑዛዜ። ሊጡ ገና እርጥብ እያለ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የትልቋን አንድ አበባ አስተካከልኩ። ቅጠሎቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነበሩ፣ ለአማቴ የሚሄድ ነውና ትንሽ ቆነጠር ቆነጠር አደረግኩት። ጠዋት አየችው። «ይሄ የኔ አይደለም። የኔዋ ጠማማ ነበረች» አለችኝ። አባቷ ሻዩን አስቀምጦ ሳቀ። ሁሌም የምከራከረው የልጅ ሥራ አይነካም ብዬ ነው፣ አሁንም እከራከራለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለአማቴ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ጊዜም እጄን የምሰበስብ አይመስለኝም። አስተካክዬ የላክሁትንም አማቴ እስካሁን አልሰቀሉትም።

ለገና ደግሞ እንሠራለን። ታኅሣሥ ላይ ጅማ ደረቅ ስለሆነች ምናልባት ምጣድ አያስፈልገንም ይሆናል።

ተመልሶ የመጣው ስጦታ ልጆቼ እማማ ለሚሏቸው ጎረቤታችን የሰጠነው ነው። ኩሽናቸው ውስጥ፣ ጀበና ከሚጣድበት በላይ ሰቀሉት። መስከረም 8 ቀን ትልቋ እየሮጠች መጣች፤ «የእማማ አበባ አላበች!» አለች። ሄጄ ሳየው እውነቷን ነው። የክሩን ቀዳዳ ውስጡን ሰም አልቀባሁትም፣ እንፋሎቱ በዚያ ገብቷል። ይዘነው መጣን። እማማ አሁን ባገኙን ቁጥር «ልጄ ዳነች ወይ?» ይላሉ።

ትናንት ማታ ወንፊቱን የገለበጠችው ትልቋ ራሷ ናት። እኔ ክንዷን ይዤ መዳፏን ከምጣዱ በላይ ዘረጋችና መቁጠር ጀመረች። አሥራ አራትን ዘላ ሃያ ደረሰች፣ «በቃ፣ አስቀምጪው» አለችኝ።